ለፍልሰታ እናቴ ትመጣለች፤ «አብረን እንቁረብ» ትላለች

ማተቤ_አለ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከሁለት ዓመት በላይ ዝም ብዬ ሳነባችሁ ቆይቻለሁ። ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

34 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ 14 ዓመት ሞላኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ። ጌይ ነኝ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ስጽፍ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። «ግብረ ሰዶማዊ» የሚለውን ለራሴ አልጠቀምበትም፤ ቃሉ ገና ሲጀምር ፈርዶ ጨርሷል። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። እሱን እወደዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ቪዛ አገኘች። ሐምሌ መጨረሻ ትገባለች። ፍልሰታን የምትጾመው እዚህ ከእኔ ጋር ነው። ባለፈው እሁድ በስልክ «ልጄ፣ ሳልሞት አንድ ቀን አብረን እንቁረብ። ሌላ ምንም አልለምንህም» አለችኝ። «እሺ እማዬ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና ሱፐርማርኬት በር ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የገዛሁት አይስክሬም ቀልጦ ወንበሩን አበላሸው።

ያለ ንስሐ አይቆረብም። ንስሐ ልግባ ካልኩ ወይ እውነቱን እናገራለሁ ወይ እዋሻለሁ። ከአንድ ሰው ጋር አራት ዓመት አብሬ ኖሬያለሁ። የኤል ሳልቫዶር ልጅ ነው፣ ካቶሊክ ነው። አባቴ ሲያርፍ፣ ለቅሶ መሄድ ሳልችል ቀርቼ እዚህ ወለል ላይ ስንከባለል፣ ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቶ አብሮኝ ወለል ላይ የተኛ ሰው ነው። «ተወው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልተወውም። ያልተጸጸትኩበትን «ተጸጸትኩ» ብዬ ደግሞ ሥጋ ወደሙን አልቀበልም። እፈራለሁ። የምፈራው ስለማምን ነው።

አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ። 19 ዓመቴ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ሁለት ሱባዔ ጸበል አዘዙልኝ። ጥቅምት ነበር፣ ውርጩ ይቆርጣል። በሌሊት ተሰልፌ፣ ልብሴን አውልቄ፣ ያ ውኃ ሲወርድብኝ ትንፋሼ ይቆም ነበር። በ14ኛው ቀን አጥማቂው «ለቀቀህ?» አሉኝ። «ለቀቀኝ» አልኩ። ብርዱ ነው ያናገረኝ። እናቴ በደስታ አለቀሰች፣ ለማርያም ጃንጥላ አስገባች። ያ ጃንጥላ ባለፈ ባገደመ ቁጥር የእኔን ውሸት ይዞ ይዞር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተቋም የሚባል ነገር ላይ ልቤ ሻክሯል። እዚህ ስመጣ የተጠለልኩበት ቤተ ክርስቲያን «ገለልተኛ» ከሚባሉት ነበር። አንዱ የአገር ቤቱን ሲኖዶስ፣ አንዱ የስደቱን፣ አንዱ ማንንም አይልም። አባቶች እርስ በርስ ተወጋግዘው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሩ። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እዚሁ ዋሽንግተን ታረቁ፣ ውግዘቱም ተነሣ። ያን ቀን እኔም አልቅሻለሁ። ማታ ግን አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገባ። እነሱ ያሰሩትን እነሱ ፈቱት። እኔን ያሰረኝስ ማነው?

ግን ማተቤን አልበጠስኩም። አያቴ ያስተማረችኝን ውዳሴ ማርያም ማታ ማታ እደግማለሁ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ስለዚህ «ሃይማኖት ምን ያደርግልሃል» የምትሉ ብትተዉኝ ደስ ይለኛል። የምጠይቀው ስለ እናቴ ነው። ምን ልበላት?

—

ነጻ_አየር (ቶሮንቶ)

ተው አልልህም፤ ለምነሃልና። እኔ ማተቤን ከበጠስኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልህ። ጥር 2015 ላይ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ሲኖዶሱ ሳያውቅ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ተወገዙ። ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ። በየካቲት ተነጋግረው ተስማሙ። ሰላም በመውረዱ ደስ ብሎኛል። ግን ለዚያ ሁሉ ጠረጴዛና ወንበር ሲገኝ፣ ለአንተና ለእኔ አንድ ኩርሲ አለመገኘቱ ያመኛል።

—

ወልደ_ሰንበት (ዲያቆን፣ አትላንታ)

ወንድሜ ማተቤ_አለ፣ ሦስቴ አነበብኩህ። እኔ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ፣ የምነግርህም እሷ የምትለውን ነው። ሌላ ብነግርህ እዋሽሃለሁ። ጋብቻ የወንድና የሴት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ኃጢአት ነው፣ ለአንተም ለሌላውም። ዝንባሌው ግን ፈተና ነው፤ ፈተና በራሱ አያስኮንንም። ብዙ አባቶች በሥጋቸው ላይ እሳት ይዘው በምናኔ ኖረዋል።

የሲኖዶሱን ነገር ከዚህ ጋር አታያይዘው። ያ የአስተዳደር መለያየት ነበር፤ በሃይማኖት ላይ ማንም አልተለያየም። ስለዚህ መታረቅ ተቻለ።

ጸበሉ ላይ የደረሰብህን ግን ሳነብ ደንግጫለሁ። ጸበል የተሰጠን ለፈውስና ለበረከት ነው። የ19 ዓመት ልጅ በብርድ እያስጨነቁ «ለቀቀህ?» ማለት ምን ይባላል? ስለዚያ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

—

ማተቤ_አለ

ዲያቆን፣ ይቅርታ የጠየቀኝ የመጀመሪያው አገልጋይ አንተ ነህ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ምናኔው ግን ልመልስልህ። አያቴ የመነኮሰች ናት። ቆቧን ስትጭን 60 አልፏት ነበር፤ ወልዳ፣ ድራ፣ ባሏን ቀብራ። ፈልጋ ሄደችበት። ጌታም ስለዚህ ነገር ሲናገር «ሊቀበለው የሚችል ይቀበለው» ነው ያለው። ለሌሎቹ ሁሉ ስጦታ የሆነው ነገር ለእኔ ብቻ ቅጣት የሆነበት ምክንያት አይገባኝም። በ12 ዓመቴ፣ ምንም ሳላደርግ፣ ማንንም ሳልነካ ነው የተፈረደብኝ።

—

የቆሎ_ተማሪ (ዳላስ)

እኔ ጌይ አይደለሁም። ጎጃም አብነት ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ቆሎ ለምኜ ተምሬያለሁ፤ ዜማው ላይ ቀረሁ እንጂ መጽሐፉንም ትንሽ ቀምሻለሁ። ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ።

ሁላችንም የምንኮራበት ሰው ነው። በ34 ዓ.ም. ክርስትናን ወደ አገራችን ይዞ ገባ የምንለው የህንደኬ ጃንደረባ። ባኮስ እንለዋለን። ስንኮራበት ግን ጃንደረባ መሆኑን እንዘለዋለን። ዘዳግም 23 እንዲህ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ይህ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄደ። ቤተ መቅደሱ ጋ ሲደርስ እስከ የት እንዳስገቡት እስቲ አስቡት። ተመልሶ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል። ይህን ሳስብ ሁሌ ልቤን ይነካዋል። ሕጉ በሩን የሚዘጋበት ሰው መጽሐፉን አልጣለውም።

ፊልጶስ ሲደርስበት ምዕራፍ 53 ላይ ነው። ትንሽ ገፋ ብሎ ቢያነብ 56 ላይ ስለ ራሱ ያገኛል። እዚያ እግዚአብሔር ለጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ መታሰቢያና ስም በቤቱ እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ከዚያ ውኃ አዩ። «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። ይህ የለማኝ ጥያቄ አይደለም። ስንት ጊዜ ተከልክሎ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። ፊልጶስም ዘዳግምን አልጠቀሰለትም፤ አብሮት ወረደ።

ጃንደረባ ማለት ጌይ ማለት ነው አላልኩም፤ አይደለም። ያልኩት የእኛ ክርስትና በር የተዘጋበት ሰው ይዞት የመጣ ክርስትና ነው።

ሌላም ልጨምር። ሰዶም ሰዶም ለሚሉ፣ ሕዝቅኤል 16 ቁጥር 49ን አንብቡ። የሰዶም ኃጢአት ምን ነበር? ትዕቢት፣ ጥጋብ፣ የድሀውን እጅ አለማበርታት። መምህሮቻችን አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያሉ አራት አምስት መንገድ ያሳዩን ነበር። እዚህ ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ለምን ሁለተኛው «አንድም» ጠፋ?

—

ወልደ_ሰንበት

የቆሎ_ተማሪ፣ ስለ ባኮስ የጻፍከው ልብ ይነካል፣ ኢሳይያስ 56ንም እቀበላለሁ። ግን አንድምታ ወሰን አለው። «አንድም» የሚለው ምሥጢር ያሰፋል፣ ሥርዓት አያፈርስም። ሕዝቅኤልንም ስትጠቅስ የሚቀጥለውን ቁጥር 50ን አትተወው፤ «ርኩስ ነገር አደረጉ» ይላል። እኔና አንተ እዚህ ላይ አንስማማም። ልጁ የጠየቀው ግን ስለ እናቱ ነውና ወደዚያ እንመለስ።

—

ኡፕሳላ_ናኝ (ስዊድን)

የኔ ወንድም፣ እኔ ሴት ነኝ፣ የመካነ ኢየሱስ ልጅ። አያቴን ማንበብ ያስተማሯት የስዊድን ሚሲዮናውያን ናቸው። እኔም ዞሬ እነሱ አገር ገባሁ። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ከ2009 እ.ኤ.አ. ኅዳር ጀምሮ እንደኛ ያሉትን ያጋባል። በ2013 ደግሞ መካነ ኢየሱስ በዚሁ ምክንያት ከእነሱም ከአሜሪካው ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። ሁለቱ ቤቶቼ ተኳረፉ። የተኳረፉት ደግሞ በእኔ ነው።

እኔና ባለቤቴ ተጋብተናል። ቄሷ ሴት ናት፣ እጇን ጭና ባረከችን። ያን ቀን ምን ይሰማኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር መሰለህ! ሰላም ተሰማኝ፤ እውነት ነው። ግን እልል የሚል ሰው አልነበረም። መዝሙሩ ያምራል፣ የሚያስለቅሰኝ ግን የእኛው ነው። እሁድ እሁድ ያ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሃያ የማንሞላ ሰዎች እንቀመጣለን። የሚቀበለኝ ቤት ቋንቋዬን አያውቅም፤ ቋንቋዬን የሚያውቀው ቤት አይቀበለኝም።

ይህን የምነግርህ «ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሂድ» የሚሉህ ስለሚኖሩ ነው። መሄድ ይቻላል። እኔ ሄጄ አልተጸጸትኩም። ግን ዋጋ እንዳለው እወቀው።

—

ሚኒሶታ_ብርድ

እኔ ከጴንጤ ቤት ነኝ። በ23 ዓመቴ የራሳችን ሰዎች ያቋቋሙት አንድ የጸሎት ቡድን ውስጥ ገብቼ ሦስት ዓመት «ነጻ ሲያወጡኝ» ነበር። የቡድኑ ስም ይቅር። ዓርብ ዓርብ እየጾምኩ፣ እጅ እየተጫነብኝ፣ በመጨረሻ «ነጻ ወጣሁ» ብዬ መድረክ ላይ መሰከርኩ። ጭብጨባው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ማተቤ_አለ፣ «ለቀቀኝ» ያልካት ቃል ምን እንደምትመዝን አውቃለሁ።

እዚህ አገር ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የሚባል ከ1976 ጀምሮ ይህንኑ የሚሠራ ትልቅ የክርስቲያኖች ድርጅት ነበር። በ2013 መሪው አለን ቼምበርስ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው። 37 ዓመት ሠርተውበት። ይህን ዜና ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ነው፤ ሁለት ፌርማታ አለፈኝ።

ቸርች መሄድ ትቻለሁ። መጸለይ አልተውኩም። ከቀድሞው የበለጠ ይቀለኛል፣ ምክንያቱም እግዚአብሔር ፊት ማስመሰል አቁሜያለሁ። ደግሞ የምታነቡ ልጆች፣ ሌሊት ላይ ክፉ ሐሳብ ቢመጣባችሁ ብቻችሁን አትታገሉት። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ። እኔ ሰው አግኝቼበታለሁ።

—

ስም_የለም (አዲስ አበባ)

አጭር ነው የምጽፈው፣ ስልኬን ሰው ያየዋል። እዚህ ጥያቄው ሌላ ነው። እንደኛ ያለውን የሚቀጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ፣ ቀላል እስራት ነው ይላል፤ ግን እስራቱ ቀላል ሆነ ከባድ፣ ከዚያ በፊት የሚመጣው ሰፈር ነው። 2015 ነሐሴ ላይ ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየለጠፉ ሲያሳድዱ ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ፍልሰታ ነበር። ኪዳን የሚደረስበትን ድምፅ ከመስኮቴ እሰማለሁ፣ መሄድ ግን አልቻልኩም። መስኮቱ ሥር ቆሜ አስቀደስኩ።

እናትህን እቅፍ አድርግልኝ። ግን እናትህ ስትመለስ እዚህ ዘመድና ጎረቤት አላት። የምታውቀውን ነገር እሷም ተሸክማው ነው የምትኖረው። እሱንም አስብላት።

—

ወለተ_ማርያም (ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ እናት ነኝ። 61 ዓመቴ ነው። ልጄ በ20 ዓመቱ ነገረኝ። ኩሽና ቆሜ ነበር፣ የያዝኩት ድስት ወደቀ። ያን ጊዜ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። የምረቃ ፎቶውን ከግድግዳ አወረድኩት። ሦስት ዓመት። ግድግዳው ላይ የፎቶው ቦታ ነጥቶ ቀረ፣ ሳልፍ ሳገድም የማየው እሱን ነበር። ሰው ቢጠይቀኝ «ካሊፎርኒያ ሥራ በዝቶበት» እላለሁ። አንድ ዓመት በፋሲካ ዶሮውን ሠርቼ 12ቱን እንቁላል ስቆጥር የእሱን ድርሻ አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩና ደወልኩለት። አነሳው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። ልጄ ሦስት ዓመት ስልኩን ይዞ ነበር።

እኔ መጽሐፍ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑን ሕግ እኔ አልለውጠውም፤ እዚያው አስቀድሳለሁ፣ እዚያው እሞታለሁ። ስብከቱ ላይ ስለ እነሱ ክፉ ሲነገር ግን ተነሥቼ እወጣለሁ፤ በረንዳው ላይ ቆሜ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ሰዎች የወገብ ሕመም ያለብኝ ይመስላቸዋል።

ለአንተ የምልህ፣ ቁርባን ላይ አትዋሽ። እናትህን ደስ ለማሰኘት ብለህ ከእግዚአብሔር ጋር አትጣላ። ግን ዝም ብለህ «አልችልም» አትበላት። እናት ምክንያቱን ካላወቀች የራሷን ምክንያት ትፈጥራለች፤ እሱ ደግሞ ከእውነቱ ይከፋል። እኔ ልጄ ዕፅ የጀመረ መስሎኝ ስንት ሌሊት አልተኛሁም።

—

ወልደ_ሰንበት

እማማ ያሉትን እቀበላለሁ። ወንድሜ፣ ሳይዘጋጁ አለመቁረብ ራሱ አክብሮት ነው። ማስቀደስ ግን ማንም አይከለክልህም። ከእናትህ ጎን ቁም።

—

ማተቤ_አለ

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያወረዱትን ፎቶ መልሰው ሰቀሉት?

—

ወለተ_ማርያም

ሰቀልኩት ልጄ። ከጎኑም ሌላ ጨመርኩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ።

—

ማተቤ_አለ

ነሐሴ 18። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ሰነበታችሁ፤ ይቅርታ፣ መጻፍ አልቻልኩም ነበር።

እናቴ ሐምሌ 25 ገባች። አውሮፕላን ማረፊያ ሁለታችንም ሄድን። «አብሮኝ የሚኖር ጓደኛዬ» አልኳት። ሻንጣዋን እሱ ተሸከመ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ሁሉም ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ መኪናው ለሦስት ቀን በርበሬ በርበሬ ሸተተ።

በጾሙ ስድስተኛ ቀን እሷ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ከፊቷ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ አልቆርብም» አልኳት። ቀና አላለችም። «ለምን?»

«ለመቁረብ መዋሸት አለብኝ። አንድ ጊዜ ዋሽቼሻለሁ። ጸበሉ ላይ።»

ቢላዋው ቆመ። ያኔ ምን እንደነበረ ታውቃለች፤ የከፈለችው እሷ ናት። ብዙ ዝም አለች። ቀጥሎ ሁለት ፍሬ ላጠች። ከዚያ «ያ ልጅ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «አባትህ ሲያርፍ በስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ የሰማሁት ድምፅ የእሱ ነው?» አለች። እኔ ያን ቀን እሱ ማልቀሱን ራሱ አላስታውስም ነበር። እሷ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ይዛው ኖራለች።

ከዚያ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ሠርታ ታቀርባለች፣ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ዳዊት ስትደግም እሰማታለሁ። «ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ? ከፊትህስ ወዴት እሸሻለሁ?» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ ወይም ለእኔ መሰለኝ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። ወንዶች በኩል ቆሜ አስቀደስኩ። እሷ ከሴቶቹ ጋር ተሰልፋ ቆረበች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትወጣ ጫማዋን ይዤ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ዓይኗ ቀልቷል። ከመሄዳችን በፊት በሃይላንድ ጸበል አስሞላች።

ቤት ስንደርስ እሱ ሥራ ሊሄድ ሲል አገኘነው። «ቁጭ በል» አለችው በአማርኛ፤ ገባው። ረከቦቱን አወጣችና ከጸበሉ ቀዳች። ሦስት ስኒ። አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእሱ። ምንም አላለችም። እሱ ወደ እኔ አየ፣ አማተበ፣ ጠጣ። «ማማተብ ያውቃል እንዴ?» ብላ ማታ ጠየቀችኝ።

መስከረም 20 ትመለሳለች። የንስሐውን ነገር እንደያዝኩት ነኝ።

—

ወለተ_ማርያም

ሦስት ስኒ! እልልል! እናትህን በሕይወት ላግኛት። ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፤ እዚህ ሳለች ቡና ትምጣ፣ ቤቴ ሩቅ አይደለም።

—

ስም_የለም (አዲስ አበባ)

ሦስቱን ስኒ አነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩት። ልዘጋው፣ ሰው መጣ።